«እኛ»ን ደሴ ተቀምጦ ያነበበ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ፤ በተለይ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴን ዘግቼ አንድ ልብ ወለድ ሳነብ ሰነበትኩ። ደራሲው ዬቭጌኒ ዛሚያቲን የሚባል ሩሲያዊ ነው፤ መጽሐፉ «እኛ» ይባላል። እጄ የገባው የእንግሊዝኛው ትርጉም ነው፤ ያውም ፎቶ ኮፒ። ከኔ በፊት በአራት ሰው እጅ ዞሯል። አንዱ በእርሳስ አስምሮበታል፣ ሌላው የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበት ክቡ እስካሁን አለ።

ላላነበበው ባጭሩ። ዘመኑ ከኛ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። አገሩ «አንድ መንግሥት» ይባላል። ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። ባለታሪኩ ዲ-503 የጠፈር መርከብ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ቤቶቹ በሙሉ መስታወት ናቸው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ በአንድ ሰዓት ይበላል። ጉርሻ 50 ጊዜ ማላመጥ ሕግ ነው። መጋረጃ ማውረድ የሚፈቀደው ሮዝ ኩፖን ለያዘ ብቻ ነው። እንዲህ እየኖረ አይ-330 የምትባል ሴት ትመጣበትና ሰውየው ማለም ይጀምራል፤ መቅናት ይጀምራል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ነፍስ አብቅለሃል ይሉታል። በሽታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ፣ እማማ ነው የምላቸው። አንድ ስኒ ቡና በሌላ ስኒ ከድነው ይዘዋል። ትናንት አልወጣህ፣ ዛሬም ሰዓቱ ሄደ፣ ምነው ልጄ አሉ። ደህና መሆኔን ሲያዩ ገብተው ተቀመጡ። መጽሐፉን አይተው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ በመስታወት ቤት ስለሚኖርበት አገር ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«ታዲያ እዚያ አገር ማን ያንኳኳል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። ጥያቄዬ ይህ ነው። «እኛ» የምትለው ቃል ወሎ ውስጥ የምትሞቅ ቃል ናት። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ያሳደገን ሰዎች ነን። ሰውየው ግን በዚህችው ቃል አስፈሪ አገር ሠራባት። እናንተ እንዴት አነበባችሁት? የኔን ግምት ልንገራችሁ፤ አስፈሪው ከላይ ተቀምጦ የሚገዛቸው «ባለውለታ» የሚሉት ሰው አይመስለኝም። አስፈሪው ዲ-503 ደስተኛ መሆኑ ነው። ደግሞ ደራሲው ይህን ሁሉ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኦርዌል ከ«1984» የተማረ ይመስለኛል።

መነሻው ይኸው ነበር። ከለጠፍኩት ሳምንት አልፎት ክሩ 23 መልስ ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች የተባለውን አሳጥሬ እንድነግራቸው ስለጠየቁኝ ከዚህ በታች እንደመጣልኝ አወራለሁ።

ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 የጠየቁት ፎቶ ኮፒውን ነው። ስለ መጽሐፉ ምንም አላሉም።

ቁጥር 3 በጣም በትሕትና ጀመረ። ጽሑፌን እንደወደደው፣ የጎረቤቴ ጥያቄ እንዳሳቀው ጻፈ። ከዚያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገሬን ይዞ ገለበጠኝ። «እኛ» የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ነው። መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒውዮርክ ውስጥ በ1924 ነው። በደራሲው አገር ለመታተም እስከ 1988 ጠብቋል። ኦርዌል ስለ መጽሐፉ ሂስ የጻፈው በ1946 ነው፤ የራሱ «1984» የወጣው በ1949። ስለዚህ የተማረ ካለ ኦርዌል ነው ብሎ ጨረሰ። ትክክል ነው። ለማረም ወደ ላይ ወጥቼ ነበር፤ በኋላ ስህተቴ እንዲታይ ተውኩት።

ቁጥር 4 ኮምቦልቻ ያለ መሐንዲስ ነው። ዛሚያቲን ራሱ የመርከብ መሐንዲስ እንደነበረ ያስታወሰን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1917 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ሄዶ ለሩሲያ የሚሠሩትን በረዶ ሰባሪ መርከቦች ሲቆጣጠር ነበር። ስለዚህ ሰውየው ፋብሪካን የሚያውቀው ከውስጥ ነው ይላል። ልብ ወለዱ ውስጥ ከጥንት ሰዎች ሁሉ በላይ የሚመሰገነው ፍሬድሪክ ቴይለር እንደሆነም አነሳ። አሜሪካዊው ነው፤ ሰዓት ይዞ ሠራተኛ አጠገብ እየቆመ እያንዳንዷን የእጅ እንቅስቃሴ የለካው። እኔ ሳነብ ቴይለር የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ መስሎኝ አልፌው ነበር።

ይህን ያየች ቁጥር 5 ገባች። የክሩ ምርጥ መልስ የሷ ነው፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርታለች። አራቱንም ዓመት የሰፋችው የሸሚዝ እጅጌ ነው፤ ያውም የግራውን ብቻ። ከመስመሩ ጫፍ ነጭ ሰሌዳ አለ። በየሰዓቱ ታርጌቱና የተሠራው በማርከር ይጻፍበታል፤ የጎደለው በቀይ። ሱፐርቫይዘሯ ሰዓት ይዛ ከኋላ ትቆማለች። ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ አለ፤ ካርዱ ለመስመሩ ሁሉ አንድ ነው። በባጅ ቁጥር ከመጠራራታቸው የተነሳ አንድ ቀን የሠርግ ጥሪ ደርሷት ካርዱ ላይ ያለውን ስም ብታነበው ማን እንደሆነች አጣቻት። ሙሽራዋ ለሁለት ዓመት ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ ሁላችንም ምሬት ነው የጠበቅነው። እሷ ግን ሌላ ነገር ጻፈች። መስመሩ የሰመረ ቀን፣ ማሽኖቹ እኩል ሲጮሁ፣ እጇ ሳታዘው ሲሄድ፣ ደስ ይላት ነበር። ሐሳብ የለ፣ ጭንቀት የለ። ሥራውን ትታ ቤት ከተቀመጠች በኋላ የናፈቃት ደመወዙ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ዲ-503 ደስተኛ መሆኑ አስፈሪ ነው ያልኩትን ታውቀዋለች፤ ግን እንደ እንግዳ ነገር መገረሜ ገርሟታል። እውነቷን ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ሰዓት የሚይዝብኝ የለም።

ቁጥር 6 ተቆጣ። በየመልሱ ሥር ስመልስ «ቁጥር 4 እንዳለው»፣ «ቁጥር 5 ሆይ» እያልኩ ነበርና መጽሐፉን አንብቤ ዲ-503 ሆኜ መውጣቴን ጻፈ። ሰው የመረጠው መጠሪያ እያለው በቁጥር መጥራት ነውር ነው አለ። ልክ ነው። ግን የሱን መጠሪያ እዚህ ብጽፈው አወያዩ ያጠፋዋል። የስድብ ቃል አለበት።

ከዚህ ላይ ነገሩ ወደ ፊደል ሄደ። ቁጥር 7 የአማርኛ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ልብ ወለዱ ውስጥ ወንዶቹ በተነባቢ፣ ሴቶቹ በአናባቢ ነው የሚጠሩት። በላቲን ቀላል ነው። በኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ነው የሚሄድ፤ ታዲያ ወንዱን ለብቻው እንዴት እንጽፈዋለን? ሳድሱን ወስደን ድ-503 ማለት ይሻላል የሚል ነው። ቁጥር 8 ደግሞ ሴትዮዋ በሩሲያኛው ኢ-330 እንጂ አይ-330 አይደለችም ብሎ አረመኝ። አይ ያደረጋት የእንግሊዝኛው ንባብ ነው። ይሁን እንጂ «አይ» በአማርኛ እምቢ ማለትም ስለሆነ ለሷ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። እኔ በዚሁ እቀጥላለሁ።

ቁጥር 9 ትልቅ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ አራት ነጥቡን እንኳ አይስቱም። በደርግ ዘመን ደሴ ወጣት ነበሩ። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ መቅረት እንደማይቻል፣ የግራ እጅን ጨብጦ ማንሳት፣ ጓድ እገሌ መባባል፣ «እኔ» ብሎ ንግግር መጀመር ራሱ እንዴት እንደሚያሳማ ጻፉ። «እኔ» ያለ ሰው ንዑስ ከበርቴ ተብሎ ሒስ ይወርድበታል። እና እሳቸው ያልገባቸው አንድ ነገር አለ። በዚያው ዘመን ያው ሰፈር ማታ ማታ ልጅ የታሰረባትን እናት ተደብቆ ያጽናናል። ቀን በአዳራሽ ጭብጡን የሚያነሳውና ማታ ጨለማ ለብሶ እንጀራ የሚያደርሰው አንድ ሰው ነው። ሁለቱም «እኛ» ነው የሚባለው። የትኛውን ነው ሩሲያዊው የጻፈው ብለው ጠየቁ። መልስ አልሰጡም፤ የሰጣቸውም የለም።

ቁጥር 10 ስለ በዓሉ ግርማ አነሳ። ሩሲያ ድረስ ምን ወሰደን የሚል ቃና ነበረው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ደራሲው ከየካቲት 1976 ጀምሮ ቤቱ አልተመለሰም። ዛሚያቲን ግን እ.ኤ.አ. በ1931 ለስታሊን በቀጥታ ደብዳቤ ጽፎ ከአገር ልውጣ አለ፤ ተፈቀደለት። ፓሪስ ሄዶ በ1937 ሞተ፤ በልብ ሕመም። ቁጥር 10 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሌላ ሳይጨምር ወጣ።

ቅሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝና ጠቡም የኔ ነው። ቁጥር 11 አመሰገነኝ። ወሎ ውስጥ ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል እንደሚቀብር፣ ድንኳኑም ምጣዱም የጋራ እንደሆነ፣ አባቱ ሲሞቱ መቃብሩን የቆፈሩት ባለ ሌላ ሃይማኖት ጎረቤቶች እንደሆኑ በሚያምር ቋንቋ ጻፈ። ኸረ እውነት ነው፤ ሁላችንም ያየነው ነው።

ቁጥር 12 ግን በአንድ መስመር ሰላምታ እንኳ አልጀመረም። ስለ ምጣድና ድንኳን የምትዘምሩ ሰዎች ከቅሬ ስለወጣ ሰው አውሩ አለ። ገጠር ያደገ ነው። አጎቱ በድንበር ጉዳይ ከቅሬው ዳኛ ጋር ተጣልቶ ቅጣት አልከፍልም አለ። በቃ፣ ከቅሬ ወጣ ተባለ። እሳት የሚጭርለት ጠፋ፤ ላሙ ገደል ስትገባ የሚያወጣለት ጠፋ። ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች እንኳ ሴቶቹ ዳኛውን ሳያስፈቅዱ አልመጡም። አጎቱ በስድስተኛው ወር በግ ጎትቶ ይቅርታ ጠየቀ። ድንበሩም ቀረ። መስታወት የሌለው ቤት ነው እንጂ አይ-330ን የሚገድላት አገር ይኸው ነው ብሎ ጨረሰ።

አንብቤ ለግማሽ ቀን ምንም መልስ አልጻፍኩም። ምክንያቱም አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሦስቱን ቀን ቤት ዘግቼ ሳነብ ሰፈራችን ቀብር ነበር። እማማ የመጡት ለዚያም ጭምር ነው፤ ሊነግሩኝ። እኔ ደግሞ ምዕራፉ አጓጉቶኝ ስለነበር አሞኛል አልኩ። እሁድ በቅሬው ስብሰባ ስሜ ተነበበ፤ ተቀጣሁ፤ ከፈልኩ። ዳኛው ቀና ብለው አይተውኝ ተሻለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከቅጣቱ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ይህን ክሩ ላይ ጻፍኩት። ቁጥር 12 በአውራ ጣት ምልክት ብቻ መለሰልኝ። ዕርቅ ይሁን ንቀት እስካሁን አልገባኝም።

ቁጥር 13 ሕግ የተማረ ልጅ ነው። አውጫጭኝን አመጣ። ድሮ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አድራጊው እስኪታወቅ ወደ ቤት የለም፤ ከብትም አይታይም፣ እርሻም አይታረስም። ይህን ከልብ ወለዱ «ጠባቂዎች» ጋር አነጻጸረው። በኋላ ራሱ ልዩነት አገኘ። በልብ ወለዱ ጠባቂዎቹ ሁሉን ያያሉ፤ ማንም መናገር አያስፈልገውም። በአውጫጭኝ ግን ያየው ሰው ራሱ አፉን መክፈት አለበት። ዝም ማለትም ይችላል፤ ዋጋው ግን የሁሉም ነው። ይህ ከኔ ከ«ማን ያንኳኳል» ጋር የሚገጥም መሰለኝ። ገና አላሰብኩበትም።

ቁጥር 14 ለቁጥር 12 የጻፈው ስድብ ስለሆነ ልዝለለው።

ቁጥር 15 ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ አይጠየፍን ጠራ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስሙ ራሱ መልስ አይደለም ወይ አለ፤ ማንንም የማይጠየፍ። ወሎ ይህን ጉዳይ ድሮ ዘግታዋለች የሚል ሐሳብ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ቁጥር 16 እስኪመጣ ድረስ።

ቁጥር 16 ታሪክ አዋቂ ነው፤ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የጻፈው። ቦሩ ሜዳን አስታወሰን፤ ከደሴ ብዙም አይርቅም። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ አራተኛ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ክርክር በአንድ ሃይማኖት ይለቅ ተባለ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ከተጠመቁት አንዱ መሐመድ አሊ ነው። የክርስትና ስሙ ሚካኤል ተባለ፤ በኋላ ራስ፣ ቀጥሎ ንጉሥ ሆነ። አይጠየፍን የሠራው ያው ሰው ነው። ከሕዝቡም ሳይወድ የተጠመቀው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ይባል እንደነበር ጨመረ። ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን ሲባል ሰው የት እንደሚደበቅ ለማወቅ ጠፈር መርከብ አያሻም፤ ቦሩ ሜዳ በታክሲ ይደረሳል የሚል ነገር ነበረው። ደስ አለኝም፣ አመመኝም።

የፈራሁት አልቀረም። ቁጥር 17 እና 18 የማን አባት ማንን አስገደደ ውስጥ ገቡ። አብሽሩ ብዬ ጻፍኩ፤ የሰማኝ የለም። አወያዩ ሁለቱንም አጠፋቸው። ቁጥር 19 የጠፋውን ሳያነብ ለምን አጠፋችሁ ብሎ ስለ ነጻነት ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፤ መጽሐፉን አላነበበም፣ ራሱም ተናግሯል። ቁጥር 20 ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘግቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው በቅንነት መለሰለት። እኔም መለስኩለት።

ሐረጎ ሲነሳ ጉም ተነሳ። ቁጥር 21 ከመጽሐፉ ሁሉ የወደደው 13ኛውን ማስታወሻ ነው። ዲ-503 የሚጽፈው በማስታወሻ ነው፤ በጠቅላላው 40 ናቸው። በ13ኛው የመስታወቱ ከተማ ጉም ይወርድበታል። ዲ-503 ጉም እንደሚጠላ፣ እንደሚፈራም ለሴትዮዋ ይነግራታል። ቁጥር 21 ይህን ሲያነብ ነሐሴን አሰበ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት፣ መኪና በቀን መብራት አብርቶ ሲሄድ፣ ሰው ከመልኩ በፊት በድምፁ ሲታወቅ። በ17 ዓመቱ የአንዲት ልጅ እጅ መጀመሪያ የያዘው በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ነው፤ ዘመድ በሞላበት መንገድ መሐል። አንዲት የሰፈራቸው እናት ማነህ ብለው ሲጣሩ ድምፁን ቀይሮ አለፈ። ማታ ቤት ሲገባ እኚያው ሴት ከእናቱ ጋር ቡና እየጠጡ ነበር። ምንም አላሉም። ሲነሱ ብቻ፣ ጉንፋን ይዞሃል መሰል ድምፅህ ተለውጧል አሉት። ለኛ ሮዝ ኩፖኑ ጉሙ ነው ብሎ ጨረሰ። እኔ ግን ከጉሙ ይልቅ ሴትዮዋን ወደድኳቸው።

ቁጥር 22 ፎቶ ኮፒው የት እንደደረሰ ጠየቀ። ቁጥር 1 ጋ ነው፤ ይመልስ።

ቁጥር 23 ጎረቤቴ መጨረሻውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰምተዋል። ትናንት ቡና ላይ ራሳቸው ናቸው ያነሱት፤ ያ ሰውዬህ ምን ሆነ ብለው። ነገርኳቸው። ይዘው ጭንቅላቱን በኦፕሬሽን እንዳከሙት፣ የሚያልምበትን እንዳወጡለት፣ ከዚያ የወደዳት ሴት ስትሰቃይ ቁጭ ብሎ እያየ ምንም እንዳልተሰማው። ረከቦቱ ላይ ስኒ እያገላበጡ ሰሙኝ።

«ጎረቤት አልነበረውም?»

«ነበረው እማማ» አልኳቸው። «በመስታወቱ ውስጥ ሁልጊዜ ይተያያሉ። በቅጡ ያወሩት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሊይዙት ሲሉ። የሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ ተገናኙ።»

«ወይ ጉድ» አሉና ውሃ ጨምረው ጀበናውን መለሱት። ቶናው እስኪፈላ ስለሱ አላወሩም። ከዚያ የታችኛውን በር አሳዩኝ፤ ተከራይቶ የገባው አዲሱ ልጅ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልታየም። ስኒውን ከደኑና ሰጡኝ።

«አንተ አንኳኳ። እኔን ገና አያውቀኝም።»